ጭረት

ሱቄ አቃቂ ነው፣ ከአሮጌው ሐዲድ ማዶ፣
ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ግን ባዶ።
ሬዲዮ እጠግናለሁ፣ ካውያ፣ ቻርጀር፣ ፓውዛ፤
ሸክላ ማጫወቻ ግን አልነካም በዋዛ።

ትርንጎ የምትባል የፈትል ሠራተኛ፣
ጡረታ የወጣች፣ ጉልበቷ ቢደክም ጆሮዋ ያልተኛ፣
አንድ ሸክላ አላት። አንድ። በጋዜጣ የጠቀለለችው፣
ሦስቱንም ልጆቿን በእሱ እየዘለለች እሹሩሩ ያለችው።
ወረቀቱ ተልጧል፤ ስሙም ተፍቆ አልቋል፣
መሃሉ ላይ ጭረት እንደ ቦይ ተሰንጥቋል።
እዚያ ሲደርስ መርፌው ይነጥራል፣ ያንኑ ይደግማል፣
«የት ነሽ — የት ነሽ — የት ነሽ» ብሎ ቀስ እያለ ያዘግማል።
ከሱ ጋር ትነጥራለች፣ ሦስት ጊዜ፣ ትከሻዋን ጥላ፤
ጭረቱ ዘፈኑ መስሏታል፤ አታውቅም ሌላ።

ዘውገ ደግሞ አለ፣ ከሲኤምሲ የሚመጣ፣
ጫማው ጭቃ ሲነካ ልቡ የሚቆጣ፤
ሦስት ሺህ ሸክላ አለው፣ ሁሉም በላስቲክ፣ ሁሉም በቁጥር፣
ፀሐይ እንዳያያቸው በመጋረጃ የሚያጥር።
«ትሰማቸዋለህ?» ብለው አየኝ እንደ ሞኝ፤
«መርፌ ይበላቸዋል» አለ፤ «ሲያልቁ ምን ሊገኝ?»

እውነቱን ለመናገር እኔ ነኝ ያቃጠርኩት፣
የሸክላዋን ጠርዝ በስልክ አንስቼ ለእሱ የላክሁት።
ኮሚሽን አለበት፤ ኪራይም አለብኝ፣
ጻድቅ ነኝ ብል እንኳን መብራት ኃይል አይምረኝ።

ቅዳሜ ተገናኙ። ዝናብ ነበር።
ዘውገ ሸክላውን በሁለት መዳፍ ያዘው፣ እንደ ታመመ ሕፃን፣
አዘንብሎ ብርሃን አበላው፣
ከኪሱ አጉሊ መነጽር አወጣ።
ትርንጎ ሳቀች፦ «ምነው፣ ቅማል አለበት?»
አልሰማትም። ጠርዙ ላይ የተጫረውን ቁጥር ሲያነብ
ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤
ያኔ ገባኝ፣ እሱም ይወድዳል፣
ጆሮ በሌለበት በኩል።

«ሃያ አምስት ሺህ» አለ።
«መጀመሪያ ይጫወት» አለች።
«ይጎዳል እኮ።»
«ሸክላ አይደል? ካልቀዱበት ከገል በምን ይሻላል?»

መርፌውን አሳረፍኩ።
ጥሩምባው ገባ፣ በአንቺሆዬ ቅኝት፣ ከቆርቆሮው ጩኸት በላይ።
የከተማ ልጆች ሶል ይሉታል፤ ነፍስ ማለት ነው አሉኝ፤
ነፍስ ከሆነ ይሄኛው
ሳል ያለበት ነፍስ ነው።
«የት ነሽ — የት ነሽ — የት ነሽ»
እሷ ነጠረች።
እሱ ዓይኑን ጨፈነ፣ እንደ ተወጋ ሰው።

ከዚያ ደብተሩን ገልጦ አነበበ፣ ለራሱ ይመስል፦
«ሁለት መቶ ቅጂ ብቻ። የፈትል ፋብሪካው ባንድ።
ሳክስፎን፣ ያልታወቀ።
ጥሩምባ፣ ገድሉ ወልደሰንበት።»

ትከሻዋ ቆመ።
«ማን?»
«ገድሉ ወልደሰንበት።»
«ዘበኛው ገድሉ? የፊት ጥርሱ የጎደለው? የፈረቃ ደወል የሚደውለው?»
ዘውገ አያውቅም። ደብተሩ ላይ ጥርስ አልተጻፈም።
«ሃያ ሁለት ዓመት በር ከፍቶልኛል» አለች፣
«እንዴት አደርክ ብዬው አልፋለሁ፤
ማታ ቤቴ ገብቼ በእሱ አለቅሳለሁ።
ቀብሩ ላይ ዐሥራ አንድ ሰው ነበርን። ዐሥራ አንድ።»

«ልድገመው?» አልኩ፣ እጄን ወደ መርፌው ሰድጄ።
«ስሙን ይድገመው» አለች።
ደገመው። ገድሉ — ገድሉ — ገድሉ፣
እሱም ጭረት ያለበት ይመስል።

ሸክላው ዛሬም እኔ ጋ ነው፤ አልተሸጠም፣ አልተመለሰ፤
እሱ ላስቲክ አለበሰው፣ እሷ ስትመጣ ላስቲኩ ፈረሰ።
ባለፈው ሳምንት ዘውገ ብቻውን መጣ።
«እስቲ አሰማኝ» አለ፣ ወደ በሩ እያየ።
ጭረቱ ጋ ስንደርስ ግራ እግሩ
ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ተንቀሳቀሰ፤
ወይም ጭቃ እያራገፈ ነበር፣ አላጣራሁም።

ኮሚሽኔን ግን እጠይቃለሁ።
መብራት ኃይል ገድሉን አያውቀውም።